ከሳይክል ወርደን እንለፍ
(ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ ጠረፍ በሳይክል ለመጓዝ ስንነሳ «ያን ያህል ሰው ያለቀበት ቦታ ለሽርሽር ይኬዳል ወይ?» ያላችሁን እናቶችና አባቶች አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

መንገዱ ለጀማሪ አይከብድም። ከባዮ ከተማ እስከ አሮማንሽ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳገቱ ቀላል፣ ግራ ቀኙ ማሳና የከብት መስክ ነው። አሮማንሽ ሲደረስ ግን ባሕሩ ውስጥ ትልልቅ የሲሚንቶ ግንቦች ይታያሉ። የተባባሪዎቹ አገሮች ጦር ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944) በዚያ ጠረፍ ከወረደ በኋላ የሠራው ወደብ ቅሪት ነው። ያን ቀን ከወረዱት የካናዳ ወታደሮች አንዳንዶቹ ሳይክል ይዘው ነበር። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ኮልቪል ላይ ከ9,000 የሚበልጡ የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር አለ።

አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፉ ከበቅሎ ይወርዱ ነበር። እኛም መቃብሩ ጋ ስንደርስ ከሳይክል እንወርዳለን፤ ሳይክሉን ደጅ ትተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በእግር እንገባለን። መሄዱ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳይወርዱ ማለፍ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ከኛ ጋር ላኩልን። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ስለሆነ ቀኛችንን ይዘን፣ ባንድ ረድፍ እንነዳለን። ያለ ራስ መከላከያ ቆብ የሚመጣ ግን አናስከትልም።