የከተማ አስተዳደር ስደተኛን በመቀበል ረገድ ያለበት ድርሻ

ስደተኛን የሚቀበለው መንግሥት ቢሆንም፣ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ቤት የሚከራየው፣ ልጁን የሚያስተምረው፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ የሚሄደውና የዕለት ጉርሱን የሚፈልገው በአንድ ሰፈር ውስጥ በመሆኑ፣ የተሰጠው ጥበቃ እውነተኛነት የሚለካው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄኔቫ ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሣ መሳደድ ይደርስብኛል ብሎ በበቂ ምክንያት ፈርቶ ከሀገሩ የወጣን ሰው ሲሆን፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ከወረራና የሕዝብን ጸጥታ በእጅጉ ከሚያውክ ሁኔታ የሸሸውንም ጨምሯል። ሁለቱም ስምምነቶች ግዴታውን የጣሉት በመንግሥታት ላይ እንጂ በማዘጋጃ ቤቶች ላይ አልነበረም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቱርክ የምትገኘው ጋዚያንቴፕ በጉልህ ታሳያለች። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጦርነት ሸሽተው ወደ ከተማዋ ከገቡት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሶርያውያን አብዛኞቹ የኖሩት በሰፈሮቿ መካከል ነው። የሀገሪቱ የ2005 እ.ኤ.አ. የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ ማንኛውም ሰው የሚኖርበት ከተማ አባል፣ የአገልግሎቱም ተካፋይ መሆኑን ቢደነግግም፣ ማዕከላዊው መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቶች የሚያከፋፍለው ገንዘብ የሚሰላው በጊዜያዊ ጥበቃ ሥር ያሉትን ሶርያውያን በማያካትት የሕዝብ ቁጥር ነበር። ከተማዋ ቆሻሻ ስታነሣና ውኃ ስታዳርስ ሁሉንም እያገለገለች፣ በጀት ሲደለደል ግን ከፊሎቹ እንደሌሉ ተቆጠሩ፤ ይህም በስደተኛውም በነባሩ ነዋሪም ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው። ስለዚህ የማንኛውም ከተማ የመጀመሪያ ተግባር ስደተኛውን ቆጥሮ በዕቅዱና በበጀት ጥያቄው ውስጥ ማስገባት ይሆናል።

በኢትዮጵያ በኩል ሕጉ ከብዙ ሀገሮች ሕግ የቀደመ ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት፣ ማለትም ወሳኝ ኩነቶች፣ በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ የጀመሩ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትና የመንቀሳቀስ መብትን በየድንጋጌው ከተቀመጡት ገደቦች ጋር አውጇል። ይሁንና መብት በነጋሪት ጋዜጣ ስለወጣ ብቻ ከሰው እጅ አይገባም። ቤት አከራዩም፣ ሲም ካርድ ሻጩም፣ የባንክ ሠራተኛውም አስቀድመው የሚጠይቁት መታወቂያ ስለሆነ፣ የስደተኛ ወረቀቱን አይቶ የማያውቅ አንድ ሠራተኛ «ይህን አንቀበልም» ካለ አዋጁ በዚያች መስኮት ላይ ይቆማል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ለስደተኞችም መሰጠት መጀመሩ መልካም እርምጃ ቢሆንም፣ የወረዳው፣ የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ሰነዱን እንዲያውቁት ማድረግ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና ዓረብኛ የሚያስተረጉም ሰውም ማቆም የከተማው ሥራ ነው። የአሜሪካዋ ኒው ዮርክ በ2015 እ.ኤ.አ. የኢሚግሬሽን ሁኔታን ሳትጠይቅ ለነዋሪዎቿ የራሷን መታወቂያ መስጠት መጀመሯ፣ አንድ ከተማ በራሱ ሥልጣን ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል።

የተቀባዩ ማኅበረሰብ ቅሬታም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ሲወደድና ክፍሉ በተማሪ ሲጨናነቅ ቀድሞ የሚሰማው ድሃው ጎረቤት ነውና። ለስደተኛ ብቻ ተብሎ የተለየ ክሊኒክ ወይም የተለየ ቧንቧ መዘርጋት ቂምን ያበረታል። በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስደተኞች ጣቢያ ባለበት ከተማ፣ ከጀረር ሸለቆ የሚመጣው ውኃ ለጣቢያውም ለከተማውም ነዋሪ እንዲደርስ መደረጉ የተሻለውን መንገድ ያመለክታል፤ ለስደተኛ በሚል የሚመጣ የእርዳታ ገንዘብም ነባሩ የሚገለገልበትን ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ለማስፋት ሊውል የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው።