ሕዝብ የሚጐርፍበት ጣቢያና ጭር ያለው ጣቢያ



በመሥሪያ ቤት ሥራ የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በጠረጴዛችን ላይ ከሚቀርቡልን ጽሑፎች መካከል እንደ ቍጥር ሠንጠረዥ የሚታመን የለም። ቃል ያከራክራል፤ ቍጥር ግን አንድ ጊዜ ተደምሮ ከታተመ በኋላ ክርክሩን ሁሉ የዘጋ ይመስላል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ እምነት ነው። ለምሳሌም የሕዝብ ማመላለሻ የምድር ባቡር ከተስፋፋባቸው ቀደምት አገሮች አንዷ ከሆነችው ከብሪታንያ አንድ ሠንጠረዥ እንወስዳለን። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በብሪታንያ የምድር ባቡርን ሥራ የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ጣቢያ ስንት መንገደኛ እንዳስተናገደ የሚገልጽ ግምት በየዓመቱ ያወጣል። ጋዜጦችም ከሠንጠረዡ ራስና ከሠንጠረዡ ግርጌ ሁለት ስሞች መርጠው ለአንባቢ ያቀርባሉ። ከኤፕሪል 2023 እስከ ማርች 2024 ባለው ዓመት በራሱ ላይ የተቀመጠው የሎንዶኑ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ሲሆን፥ ቍጥሩ 94.5 ሚሊዮን ነበር። በግርጌው የተገኘው ደግሞ በማንቸስተር አጠገብ ያለው የዴንተን ጣቢያ ሲሆን፥ ቍጥሩ 54 ነበር። «ሺህ» የሚል ቃል ተዘንግቶ አይደለም፤ በዓመቱ በሙሉ አምሳ አራት ብቻ ነው። ሊቨርፑል ስትሪት ይህን ያህል ሰው በአማካይ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያስተናግዳል።

እንዲህ ያለውን ልዩነት የሰማ ሰው ወዲያው የሚፈርደው ፍርድ የታወቀ ነው። «ያኛው ይስፋፋ፤ ይህኛው ይዘጋ» ይላል። ነገር ግን ከመፍረድ አስቀድሞ ቍጥሩ ራሱ እንዴት እንደ ተወለደ መጠየቅ ይገባል።

በመጀመሪያ፥ ይህ ቍጥር የሰው ቍጥር አይደለም። የሚቈጠረው ወደ ጣቢያው መግባትና ከጣቢያው መውጣት ነው። ስለዚህ ማለዳ ሄዶ ማታ የተመለሰ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቈጠራል። ሁለተኛም፥ ግምቱ በአብዛኛው የሚሠራው ከተሸጡት ቲኬቶች ላይ እንጂ በየበሩ ቆሞ በመቍጠር አይደለም። ሦስተኛም፥ ከአንዱ ባቡር ወርዶ እዚያው በሌላው የሚሳፈር መንገደኛ በዚህ ቍጥር ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ይመዘገባል። በዚህም ምክንያት እንደ ሎንዶኑ ክላፋም ጃንክሽን ያለ፥ ብዙ ሐዲድ የሚገናኝበትና እጅግ ብዙ ሕዝብ ባቡር የሚለውጥበት ጣቢያ፥ በሠንጠረዡ ላይ ከእውነተኛው ሥራው አንሶ ይታያል።

የሠንጠረዡም ራስ ቢሆን ቋሚ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአንደኛነት የታወቀው የሎንዶኑ ዋተርሉ ጣቢያ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በበረታበት ከኤፕሪል 2020 እስከ ማርች 2021 ባለው ዓመት ግን፥ በምሥራቅ ሎንዶን የሚገኘው ስትራትፎርድ በ14 ሚሊዮን ያህል ቀዳሚ ሆነ። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በቤቱ ሆኖ ሲሠራ፥ በእጁና በጕልበቱ የሚያገለግለው ሠራተኛ ግን መጓዙን ሊተው አልቻለምና። ሊቨርፑል ስትሪትም ከፍ ያለው የኤልሳቤጥ መሥመር የተባለው አዲስ የባቡር መንገድ በሜይ 2022 ከተከፈተ በኋላ ነው። እንግዲህ የሕዝቡ ቍጥር ከጣቢያው ግንብ ይልቅ የባቡሩን መመላለስና የሰውን የኑሮ ሁኔታ ይከተላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግርጌው እንመለስ። ዴንተን ምድረ በዳ ናትን? አይደለችም። ከ30,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ታዲያ ሕዝቧ ስለ ምን በባቡር አይሄድም? መልሱ በባቡሩ የሰዓት ሠንጠረዥ ላይ ተጽፏል። በዚያ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የቆመው ባቡር በሳምንት አንድ ቀን፥ አንድ ጊዜ ሲሄድ አንድ ጊዜ ሲመለስ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣ ባቡር ሥራ የሚገባ ሠራተኛ፥ ትምህርት ቤት የሚደርስ ተማሪ፥ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሕመምተኛ ከየት ይገኛል?

ይህን ከሌላ ጣቢያ ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በስኮትላንድ ደጋ፥ ከባሕር ጠለል 400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ኮሩር የሚባል ጣቢያ አለ። በዙሪያው መንደር የለም፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመኪና መንገድም አይደርስበትም። ነገር ግን ባቡር በየቀኑ ይቆምበታልና፥ በተራራው ለመጓዝ የሚመጡ ሰዎች ቍጥሩን በቅርብ ዓመታት ከ10,000 በላይ አድርሰውታል። ሰው የሌለበት በረሃ ከ10,000 በላይ፥ ሕዝብ የሞላበት ከተማ 54! ልዩነቱን ያመጣው የሕዝቡ ፈቃድ ሳይሆን የተሰጠው አገልግሎት መጠን ነው።

ምናልባት «ባቡሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ስለ ምን ፈጽሞ አይቀርም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በዚያ አገር ሕግ የመንገደኛ ጣቢያን ወይም መሥመርን ለመዝጋት አሳቡን ለሕዝብ ማስታወቅ፥ ተቃውሞውን መስማትና ውሳኔ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት ረጅም ነውና፥ አንዳንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ እያስሄዱ መሥመሩን «ክፍት ነው» ማሰኘት ይቀላል። እንዲህ ያለውን ባቡር ሕዝቡ «የፓርላማ ባቡር» ይለዋል። ስሙ የመጣው የባቡር ኩባንያዎች ለድኃው ሕዝብ በርካሽ ዋጋ ቢያንስ በቀን አንድ ባቡር እንዲያስሄዱ ካስገደደው ከ1844 ሕግ ነው። ድኃውን ለማገልገል የወጣው ስም ዛሬ ማንንም የማያገለግል ባቡር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ የወሬ ማድመቂያ ብቻ ሆኖ እንዳይታያችሁ፥ በቍጥር ምክንያት የተፈረደውን ታላቅ ፍርድ እናስታውስ። በማርች 1963 የብሪታንያ ምድር ባቡር ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ አንድ ሪፖርት አወጡ። በሪፖርቱም ከጠቅላላው መሥመር ሢሶው የሚያስተናግደው ከመንገደኛው ጕዞ 1 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አስረዱ፤ 2,363 ጣቢያዎችም እንዲዘጉ አሳሰቡ። ዶክተሩ ያለ ምክንያት አልተነሡም፤ ምድር ባቡሩ በከባድ ኪሳራ ላይ ነበር፥ ባዶውን የሚሄድ ባቡርም ወጪው የሚከፈለው ከሕዝብ ግብር ነው። ይህን መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ የመንገደኛው ብዛት የተጠናው በኤፕሪል 1961 በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። በኤፕሪል ብርድ የባሕር ዳርቻ መናፈሻ ከተሞች ጭር ይላሉ፤ በበጋ ግን ይጥለቀለቃሉ። ተቃዋሚዎች አጥብቀው የነቀፉትም ይህንኑ ነው። በዝርዝሩ ከነበሩት መሥመሮች አንዱ ከኤዲንበርግ ወደ ደቡብ የሚወርደው የዌቨርሊ መሥመር ሲሆን፥ ነዋሪው እየተቃወመ በጃንዋሪ 1969 ተዘጋ፤ ሐዲዱም ተነቀለ። ከ46 ዓመት በኋላ፥ በሴፕቴምበር 2015፥ የዚሁ መሥመር ከፊሉ ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቶበት እንደገና ተከፈተ። በመጀመሪያውም ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ጕዞ ተደረገበት። በአንድ ፊርማ የተዘጋውን ለመክፈት ይህን ያህል ዘመንና ይህን ያህል ሀብት ጠየቀ።

እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አድማጮች፥ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ቍጥርን መናቅ አይደለም። ቍጥር የሌለው አስተዳደር በጨለማ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ትምህርቱ፥ ቍጥርን ከመቀበል በፊት ምስክር እንደሚጠየቅ አድርጎ መጠየቅ ነው። የተቈጠረው ምንድን ነው? የተቈጠረው መቼ ነው? ሰው አልመጣም ከመባሉ በፊት የሚመጣበት ነገር ተዘጋጅቶለት ነበርን? በአንድ መዝገብ ቤት ባለጕዳይ ጠፋ ሲባል፥ በሩ በሳምንት ስንት ቀን ይከፈት እንደነበር መመልከት ያስፈልጋል። በአንድ የገጠር ሐኪም ቤት ሕመምተኛ ቀነሰ ሲባል፥ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

አገልግሎቱን ከቀነሱ በኋላ የተገልጋዩን ማነስ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ፥ ውሃውን ካቆሙ በኋላ አትክልቱ ጠወለገ ብሎ መክሰስ ነው። በእጃችሁ ያለው ሠንጠረዥ በግርጌው ትንሽ ቍጥር ባሳያችሁ ጊዜ፥ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ከቍጥሩ በስተኋላ ያለውን የሰዓት ሠንጠረዥ አስመጥታችሁ ተመልከቱ።