አሮጌ የቴአትር ፕሮግራሞች ለምን አይጣሉም?
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አሮጌ የቴአትር ፕሮግራሞች ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ፕሮግራም ስል ሙዚቃና ቴአትር ለማየት ስንገባ በር ላይ ይታደለን የነበረውን እጥፍ ወረቀት ማለቴ ነው። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስለ ጨረስኩ ወረቀት ሲጣል ማየት አልወድም። ከዘመድም ከጎረቤትም እየለመንኩ አንድ ሣጥን ሞልቻለሁ።

«ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ለማነቃቃት የተቋቋመ ማኅበር ነበር። ከነፃነት በኋላ ዘፈኑም፣ ውዝዋዜውም፣ ተውኔቱም በአንድ መድረክ ይታይበት ጀመር። ጥላሁን ገሠሠም ወደ ክቡር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት እዚያ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ይህ ቤት ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ዓመተ ምሕረት ባይጻፍ እንኳ የቤቱ ስም ዘመኑን ይነግራችኋል።

ታዋቂውን ዘፋኝ ሸክላውና ሬዲዮኑ አስቀርተውታል። ከበሮ መቺው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መብራት የያዘውስ? የዚያን ጊዜው ጨዋታ አብዛኛው በፊልም አልተቀረጸም። የእነዚህ ሰዎች ስም ያለው በፕሮግራሙ የመጨረሻ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።

ከእኛው እድር አንድ አባት ሲያርፉ በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንደ ነበሩ ብቻ ይናገር ነበር። ከሣጥኔ ውስጥ ባለ አንድ ፕሮግራም ላይ ግን ስማቸው ከአኮርዲዮን ተጫዋቾች መካከል አለ። በሰልስቱ ወስጄ ለልጆቻቸው አሳየኋቸው። አባታቸው ሙዚቀኛ እንደ ነበሩ አያውቁም ኖሯል! ታላቅየው ወረቀቱን ይዞ ብዙ አለቀሰ። ነፍስ ይማር።

አያያዙ ቀላል ነው። ስፒልና አግራፍ ይዝጋል፣ ይነቀል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ አርቃችሁ በንጹሕ ዶሴ አስቀምጡ። መጻፍ ካስፈለገ በእርሳስ፣ ያውም በስሱ።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ሰው ሞቶ ቤት ሲጸዳ ወረቀቱ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ለቁራሌው ይሸጣል። እባካችሁ ቀድማችሁ አሳዩኝ። የእናንተን ልውሰድ አላልኩም፤ ስሙን በመዝገብ ገልብጬ እመልሳለሁ። የእኔን ሣጥን ግን ወመዘክር ከተቀበለኝ እንዲሰጥ ለልጆቼ ነግሬያለሁ።

እድራችን ማንም ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር የቆመ ነው። የሠራውም ሥራ አብሮት እንዳይቀበር እንርዳ።