የመነሻ ምርጫና የሥፍራው አየር



የሕንፃ የኤሌክትሪክ፣ የሜካኒካልና የሳኒተሪ ንድፍ ዛሬ በኮምፒዩተር ይሠራል። እንደ ሬቪት ያለው ሶፍትዌር ሲከፈት፣ ነዳፊው አንዲት መስመር ከማስመሩ በፊት ብዙ ነገር ተወስኖ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም መለኪያው፣ ቮልቴጁ፣ የአየሩ እፍጋትና የሕንፃው ሥፍራ ነው። ይህ «ዲፎልት» የሚባለው መነሻ ምርጫ ነው። ሌላ ሰው የመረጠው መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ለሰሜን አሜሪካ የተሰናዳ ቴምፕሌት 120/208 ቮልት ይዞ ሲመጣ፣ በ220/380 ቮልት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል። አሳሳቢው ለዓይን የማይታየው ነው።

ለዚህ ሸዋ ሮቢት መልካም ምሳሌ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ በደብረ ብርሃን በኩል የጣርማ በርን ዋሻ ዐልፎ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ አየሩ መለወጡን በገላው ያውቀዋል፤ ሶፍትዌሩ ግን ካልተነገረው አያውቅም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአንድ ኩቢክ ሜትር አየር ክብደት በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም፣ በሸዋ ሮቢት 1.03፣ በአዲስ አበባ 0.9 ገደማ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ቁጥር የተመረጠ ማራገቢያ በሸዋ ሮቢት ሊያወጣ ከታሰበው ሙቀት 14 በመቶ ያህሉን ሳያወጣ ይቀራል። ጉድለቱ በንድፉ ላይ አይነበብም፤ በሐሩር ወራት ሕሙማን በተኙበት ክፍል ግን ይታወቃል።

የአዲስ አበባ ቢሮ ለራሱ ያስተካከለው ቴምፕሌት እንዳለ ወደ ቆላ ቢወርድም መፍትሔ አይሆንም። የአየሩ እፍጋት ከሚገባው ያነሰ ስለሚሆን ማራገቢያው ይተልቃል፤ የውጭው ሙቀት ከሚገባው ያነሰ ስለሚሆን ማቀዝቀዣው ያንሳል።

እንግዲህ ሦስት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፣ ሥራ ሳይጀመር ከፍታውን፣ እፍጋቱን፣ የውጭውን ሙቀትና ቮልቴጁን የሚወስን አንድ ኃላፊ መሐንዲስ ይኑር፤ በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ስለ ኤሌክትሪክ ተከላና ስለ አየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ የሚያዘውንም ያመሳክር። ሁለተኛ፣ የተመረጡት ቁጥሮች በንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፈው ይፈረምባቸው፤ ተቆጣጣሪው ሊመረምር የሚችለው የተጻፈውን ነውና። ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ከፍሎ ዘሩን እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ማኅበሩም ለሦስቱ ሦስት መነሻ ቴምፕሌቶች አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፣ የሸዋ ሮቢት ሕንፃ በሸዋ ሮቢት አየር ይነደፋል።