ከሽርሽር ወደ ባሕር ጥበቃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለአንድ ዓላማ የተሠራውን ነገር ለሌላ ዓላማ እንድናውለው ስንጠየቅ ሁለት ጉዳዮችን መመርመር ይገባናል፤ ሊለወጥ የሚችለውንና የማይለወጠውን። ለዚህ አብነት ይሆኑን ዘንድ የሁለት መርከቦችን ታሪክ መርጫለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩናይትድ ስቴትስ በኤፕሪል 1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን በብዛት ያሰጥሙ ነበር። አጃቢ እጅግ ያስፈልግ ነበር፤ አዲስ የጦር መርከብ ሠርቶ ለመጠበቅ ግን ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ባሕር ኃይሉ በባለጸጎች እጅ የነበሩትን በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ የሽርሽር መርከቦች ተረከበ። በ1899 የተሠራችው የሞርጋን ቤተሰብ ኮርሴርና በ1895 በግላስጎው የተሠራችው የፊላዴልፊያው የድሬክስል አልሴዶ ከእነዚህ መካከል ነበሩ።

ለውጡ ለዓይን ከባድ፣ ለእጅ ግን ቀላል ነበር። የቅንጦት ዕቃ ወጣ፤ መድፍ ተተከለ፤ በሰርጓጅ ላይ የሚጣል ፈንጂ ተጫነ፤ ጥቂት እንግዶች በተንፈላሰሱበት ክፍል ብዙ መርከበኞች ተጨናንቀው አደሩ። የመርከቧ አካል ግን ያው ነበር። ለባለቤቷ ምቾት የተሠራችው ኮርሴር በዲሴምበር 1917 በክረምቱ ማዕበል ተጎድታ ሊዝበን ለመጠለል ተገደደች።

ኦክቶበር 17 ቀን 1917 ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ ትመለስ የነበረችው የጦር ማጓጓዣ አንቲልስ በቶርፒዶ ተመታ 67 ሰዎች ጠፉ። የተረፉትን ከባሕር ያወጧቸው ኮርሴርና አልሴዶ ነበሩ። ከ19 ቀናት በኋላ፣ ኖቬምበር 5 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አልሴዶ ከኪበሮን ወደ ብሬስት የሚሄዱ መርከቦችን ስታጅብ እርሷም በተራዋ ተመታች። በ8 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ 21 ሰዎችም አብረው አለቁ። ያዳነችው እጅ የሚያድናት አጣ።

የሽርሽር መርከብ በመሆኗ ጠፋች ብሎ መፍረድ ግን ቸኩሎ መፍረድ ነው። ለውጊያ ተብላ የተሠራችው ጃኮብ ጆንስ በዲሴምበር 6 በቶርፒዶ ተመትታ እርሷም የቆየችው 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የአልሴዶን ዋጋ ፍጹም ከሆነ መርከብ ጋር ሳይሆን፣ እርሷ ባትኖር ሊሆን ከሚችለው ጋር ማመዛዘን ይገባል። ያን ዕለት አልሴዶና ኮርሴር ባይደርሱ ኖሮ የአንቲልስ ሰዎች ዕጣ ምን በሆነ ነበር?

ኮርሴር ጦርነቱን አልፋ ወደ ባለቤቷ ተመለሰች። በ1930 ለአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ተሰጥታ ኦሽኖግራፈር ተባለች፤ የባሕሩን ወለልም ትለካ ጀመር። በ1942 እንደገና ለባሕር ኃይል ተጠራች፤ በ1944 ግን ዕድሜዋ አብቅቶ ፈረሰች።

ባልደረቦቼ፤ የነበረውን ለውጦ መጠቀም የችግር ጊዜ ጥበብ ነውና አንናቀው። ነገር ግን የለወጥነውን ዘርዝረን በጻፍንበት ወረቀት ላይ ያልለወጥነውንም እንጻፍ። የሚሳፈርበት ሰው የማወቅ መብት አለውና።