«ፑት ዳውን» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ



ዛሬ የምንነጋገርበት ግሥ ከሁለት ትናንሽ ቃላት የተሠራ ነው። «ፑት» ማኖር ነው፤ «ዳውን» ወደ ታች ማለት ነው። ሁለቱን ያወቀ ተማሪ ግሡን ያወቀ ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት ጦሩ ዐመፁን «ፑት ዳውን» አደረገ የሚል ሲያጋጥመው «ጦሩ ዐመፁን መሬት ላይ አስቀመጠው» ብሎ ይተረጉምና ክፍሉ ይስቃል። መሳቁ ግን ለእኛ አይገባም ነበር። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውዬው ምን አለ? ምንም አላለም። የራሳችን ቋንቋ በእንደዚህ ያለ ጥንድ ግሥ የተሞላ ነው።

አገባቡን ባጭሩ እንለፈው። ተሳቢው ስም ሲሆን ከሁለቱ ቃላት መካከልም ከኋላም ይገባል፤ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ቦታው መካከል ብቻ ነው። «ፑት ኢት ዳውን» ይባላል እንጂ «ፑት ዳውን ኢት» አይባልም።

ትርጉሙ ብዙ ነው። መጽሐፍ ያስቀምጡበታል፤ ስም በመዝገብ ያሰፍሩበታል፤ የማይድን ፈረስ ወይም ውሻ እንዳይሠቃይ ሲገደልም ይኸው ግሥ ይነገራል። ሰውን በሰው ፊት ዝቅ ማድረግም «ፑት ዳውን» ነው። ዋናው ጉዳያችን ግን ዐመፅን በኃይል ማጥፋት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ተሳቢዎቹን እንመርምር። ዐመፅ፥ ሁከት፥ የወታደሮች አድማ «ፑት ዳውን» ይደረጋል። ጦርነት ግን አይደረግም፤ ጦርነት ድል ይነሡበታል ወይም ይሸነፉበታል። እንግዲህ ይህን ግሥ የመረጠ ጸሐፊ አንደኛውን ወገን ሕጋዊ ገዥ፥ ሁለተኛውን ከበታች የተነሣ አድርጎ አስቀድሞ ፈርዷል ማለት ነው። በ1857 እ.ኤ.አ. በሕንድ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ላይ የተነሣውን ጦር የእንግሊዝ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን የወታደሮች አድማ ሲሉት፥ ብዙ ሕንዶች የመጀመሪያው የነጻነት ጦርነት ይሉታል። «ፑት ዳውን» ከፊተኛው ስም ጋር ይስማማል፤ ከኋለኛው ጋር ግን አይስማማም።

ጉዳዩ ከቤታችንም ሩቅ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያኖች ዐመፀኞች የሚሏቸውን ሰዎች እኛ አርበኞች እንላቸዋለን። የዚያን ጊዜ ወሬ በእንግሊዝኛ አንብቦ «ዐመፀኞቹ ተደመሰሱ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ፥ ሳያውቀው የወራሪውን ዐይን ተውሷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው የመንግሥት ግልበጣም ሲከሽፍ «የታኅሣሥ ግርግር» የሚል ስም ተሰጠው። ግርግር ከተባለ ደግሞ ማሰሪያው የታወቀ ነው፤ ጸጥ ተደረገ ይባላል።

በነገራችን ላይ፥ በአማርኛ ዝምታም «ጸጥታ» ነው፤ የሕዝብ ደኅንነት ጥበቃም «ጸጥታ» ነው። እንግሊዞች ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት ቃላት አሏቸው፤ እኛ በአንድ እንገለገላለን። በዚህስ ማን ይቅደም?

ታዲያ እንዴት እንተርጉም? «ደመሰሰ» የአሸናፊው ቃል ነው፤ «አፈነ» የተሸናፊው ቃል ነው፤ «ጸጥ አሰኘ» የመንግሥት መግለጫ ቃል ነው። ጸሐፊው ወገኑን ከገለጠ እንከተለው። ካልገለጠ «በኃይል ገታ» ማለት ለእኛ የተሻለ ይመስለናል፤ ኃይል መኖሩን አይሸሽግም፥ ለማንም አይፈርድም። አንዳንድ መምህራን ይህ ቀዝቃዛ አማርኛ ነው ይሉናል፤ ይሁን፥ ከተዋሰ ፍርድ ቀዝቃዛ ይሻላል።

በመጨረሻም የግሡን ተደራጊ ቅርጽ እንጠንቀቅ። «ዐመፁ ፑት ዳውን ተደረገ» ሲባል ባለቤቱ ይጠፋል፤ የተኮሰው ማን እንደ ሆነ፥ የሞተው ስንት እንደ ሆነ አይነገርም። ስለዚህ በሚመጣው የትርጉም ልምምድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲሰጠን፥ ከገጹ ላይ ባለቤቱን ፈልገን ካገኘነው በአማርኛው ውስጥ እናግባው፤ ካላገኘነው በኅዳጉ «ባለቤቱ አልተገለጠም» ብለን እንጻፍ።