የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር



ሐኪም ሆና ስለ ኢሜይል ሰርቨር ምን ታወራለች እንደምትሉ አውቃለሁ። የማወራው ደንቧን ያስጻፍኳት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ገጠር የተመደቡ ወጣት ሐኪሞቻችን ከበድ ያለ ሕመምተኛ ሲገጥማቸው በማኅበራችን ኢሜይል ያማክሩናል። የሕመምተኛ ምስጢር ደግሞ ምስጢር ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። እናም ሰርቨሩን በበጎ ፈቃድ የሚይዝልንን ልጅ «እነዚህ ሰዎች ከግቢያችንና ከሆስፒታላቸው ውጪ አይግቡ» አልኩት። ዶቭኮት የሚባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተፈቀዱ አድራሻዎችን መዝግቦ ሌላውን ይመልሳል። ልጁ ያልኩትን አደረገ። እኔም ኮራሁ።

ባለፈው ክረምት ወረኢሉ ያለ አንድ ሐኪም ደወለልኝ። «ዶክተር፣ የይለፍ ቃሌን አራት ጊዜ ቀየርኩት፤ ስልኬ አሁንም ስህተት ነው ይለኛል። ከአሥር ቀን በፊት የጻፍኩልዎት ደብዳቤም ሳይሄድ ቁጭ ብሏል።»

ደብዳቤው የልብ ቫልቭ ጥበት ስላለባት፣ መውለጃዋ ስለደረሰ እናት ነበር። የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው፤ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ምጥ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ደግነቱ መልሳችንን ሳይጠብቅ ወደ ደሴ ልኳታል። ቢጠብቀን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራው ሌላ ነገር ነበር።

ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ እንዲከት ያዘዙት ወረኢሉ ነው። የኛ ሰርቨር ወረኢሉን «አትግባ» አለ!

አንድ ነገር ግን አልገባን አለ። ኔትወርኩ ደህና በሆነ ጊዜ ይሄው ሐኪም በድረ ገጹ በኩል በዚያው የይለፍ ቃል ይገባል። በስልኩ ብቻ ነው እምቢ የሚለው። እኛ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ እናልፈዋለን፤ ምርመራው ያለው ግን እዚያ ላይ ነበር። ልጁ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተ። መዝገቡ ስለ የይለፍ ቃል ምንም አይልም፤ «አድራሻው ከተፈቀዱት ውስጥ የለም» ነው የሚለው። ለተጠቃሚው ግን ምክንያቱ አይነገረውም፤ ሌባ እንዳይማርበት። ሐኪሙ ማታ ማታ በሞባይል ዳታ ነው የሚሠራው፤ የሞባይል አድራሻ ደግሞ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ነው። ደብዳቤ መላክም በዚያው ደንብ ያልፋል፤ ለዚህ ነው ሳይሄድ የቀረው።

ድረ ገጹስ? እሱ የተቀመጠው እዚያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ማንም ከየትም ቢመጣ ለዶቭኮት የሚታየው የሰርቨሩ የራሱ አድራሻ ነው። እሱ ደግሞ የተፈቀደ ነው። ይሄ ምን ማለት ነው? የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ከፈለገበት አገር ሆኖ በድረ ገጹ መግባት ይችል ነበር። ደንቤ የዘጋው የወረኢሉውን ሐኪም እንጂ ሌባውን አልነበረም። እውነቴን ነው፣ ከስህተቱ ይልቅ ይሄ ነው ያሳፈረኝ።

አሁን የአድራሻ ገደቡን አንስተናል። ለድረ ገጹ ሁለተኛ ማረጋገጫ አስገባን፣ ለስልክ ለብቻው ረጅም የይለፍ ቃል ሰጠን። ከማኅበሩ የለቀቁትን በስም የሚከለክል ዝርዝርም አለ፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ስሙን ብትጽፍም አስቀድሞ ገብቶ የቆየ ሰው ካላስወጣኸው እንደገባ ይቀራል። ቁልፍ መቀየር ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አያስወጣውም እኮ! ሁለት ሰዎች እንዲሁ ተገኝተዋል፤ በክፋት አይደለም፣ ስልካቸው ረስቶት ነው።

ገደቡ በተነሣ በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ርእሱ «አስቸኳይ» ይላል፤ ቀኑ የአሥራ አንድ ቀን ነው። እናትየዋ ያን ጊዜ ልጇን ታቅፋ ወረኢሉ ተመልሳለች።